የቤተ መንግሥት አዳራሽ ለሠርግ ስንከራይ

ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከፋሲካም ወዲህ ክረምቱ እስኪጠና ያለው ጊዜ በአገራችን የሠርግ ወራት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ወራት እናቶች በወፍጮ ቤት፣ በእቁብ ዕለት ወይም በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ሲገናኙ የሚጠያየቁት ድሮ ጤፉ ስንት ኩንታል እንደ ሆነ፣ በርበሬው መቀመም አለመቀመሙንና ጠላው መቼ እንደሚጠነሰስ ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «አዳራሹ የት ነው?» የሚለው ሆኗል። ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ደግሞ የጥንት ቤተ መንግሥት ወይም የመኳንንት ግቢ ነው። በዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ጉዳይ አብረን እንወያይ።

ነገሩን ያነሣሣኝ በአሰላ የገጠመኝ ጨዋታ ነው። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ሥር የምትገኝ፣ በገብስና በስንዴ አገር መካከል ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። እዚያ አንዲት የማውቃቸው ወይዘሮ ቡና ጠርተውኝ ነበር። እኒህ እናት የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ ጡረታ ሊወጡ 2 ዓመት ቀርቷቸዋል። ለ3 ዓመት በእቁብ ያጠራቀሙትን ገንዘብ በግቢያቸው ውስጥ 2 ክፍል ቤት ሠርተው ለማከራየትና የጡረታቸውን ጎዶሎ ለመሙላት አስበውት ኖረዋል። አዲስ አበባ የምትሠራው ትልቋ ልጃቸው ግን ልትዳር ነው። ልጅቷና እጮኛዋ አዲስ አበባ ውስጥ ቀድሞ የአንድ መኮንን መኖሪያ የነበረ የድንጋይና የእንጨት ቤት ከነአዳራሹ ለሠርግ እንደሚከራይ አይተው ወደውታል። የአዳራሹ ኪራይ ብቻ ከእናትየው የእቁብ ገንዘብ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ቀብዱም በ15 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ቀኑ ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብለዋል።

ወይዘሮዋ ሲኒውን እያቀበሉኝ «ምን ትመክሪኛለሽ?» አሉኝ። እኔም በመጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ብዙዎቻችሁ ነበር፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ ነገሩን ለመዝጋት አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ለዕረፍት መጥታ አጠገባችን ተቀምጣ የነበረችው ልጅ ቀደመችኝ። «አኮ በወጣትነቷ ቅቤና ማር ተሸክማ እንዲህ ካለ ግቢ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ውላለች። በሩን እንጂ ቤቱን አላየችውም። እኔ የልጅ ልጇ በዚያው በር በቬሎ ብገባ ምን ነውር አለው?» አለች። አኮ የምትላቸው የእናቷን እናት ነው፤ በአርሲ ኦሮሞ አነጋገር አያት ማለት ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የልጅቷን አሳብ ተራ ቅንጦት ብዬ ለማለፍ አልቻልኩም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ በአርሲ እጅግ ብዙ ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ከምርቱ ለባለመሬቱ ከማካፈሉም በላይ በዓል ሲመጣ እጅ መንሻ ይዞ መሄድ ነበረበት። ባለመሬቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ቅቤውና ማሩ እስከዚያው ድረስ ይጓዛል። ስለዚህ ለዚህች ልጅ የአዳራሹ በር የፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አያቷ ሳታልፈው የቀረችው በር ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ለመስጠት ከመቸኮላችን በፊት የቤተ መንግሥት ግብዣ ራሱ ምን እንደ ነበር እናስታውስ። በአዲስ አበባው ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ እየገባ የሚበላበት ቤት ነበር። በግብሩ ዕለት ንጉሠ ነገሥቱና ታላላቆቹ መኳንንት ከመጋረጃ በስተጀርባ አስቀድመው ይመገባሉ። ከዚያ በኋላ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው ተጋባዥ እንደየማዕረጉ እየገባ ይቀመጣል። ማን የት እንደ ተቀመጠ፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደ ገባ የሚታይበት ስለሆነ፣ ግብሩ ሆድ መሙያ ብቻ ሳይሆን የሰው ደረጃ መለኪያም ነበር።

ከዚያ ሁሉ ድግስ በስተጀርባ የነበሩት ደግሞ ሴቶች ናቸው። የሚፈጩት፣ የሚጋግሩት፣ ወጡን የሚሠሩት፣ ጠጁን የሚጥሉት እጆች የማን እንደነበሩ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያደረጉት ለቀናት የቆየ ድግስ እስከ ዛሬ በታሪክ ይነሣል። የእቴጌይቱን ስም እናውቃለን። በወፍጮው ላይ ሌሊቱን ያነጉትን ሴቶች ስም ግን የጻፈው የለም።

ዛሬ እነዚህ በሮች በልዩ ልዩ መንገድ እየተከፈቱ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከተከፈተ ወዲህ የስንቱ ድሃ ልጅ በዚያ በር ገብቶ ተምሮ ወጥቷል፤ በውስጡ የሚገኘውንም ሙዚየም ማንኛውም ሰው ይጎበኘዋል። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በምኒልክ የግብር አዳራሽ «ገበታ ለሸገር» የተባለው የራት ግብዣ ተደርጎ ነበር። የአንድ ሰው ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ሲሆን ገቢውም ለአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎች ልማት የታሰበ ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በግቢው ውስጥ አንድነት ፓርክ ሲከፈት ደግሞ ተራው ሕዝብ የመግቢያ ዋጋ እየከፈለ ነገሥታቱ የኖሩበትን ቤት ለማየት በቃ። የድሮው በር የሚከፈተው በማዕረግ ነበር፤ የዛሬው በገንዘብ ነው። ልዩነቱ ግን ገንዘቡ አንዳንድ ጊዜ ሚሊዮን፣ አንዳንድ ጊዜም የአንድ ቲኬት ዋጋ መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጥንታዊ ቤትን ለግብዣ ማከራየት በመሠረቱ መጥፎ ነው ለማለት አልደፍርም። ሰው የማይገባበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት፣ ምስጡን የሚያባርርለት የለውምና ቶሎ ይፈርሳል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1992 የዊንድዘር ቤተ መንግሥት ተቃጥሎ ጥገናው 5 ዓመትና 36.5 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል። ለዚህ ወጪ ገንዘብ ለማግኘት ሲባል በሚቀጥለው ዓመት የንግሥቲቱ መኖሪያ የነበረው የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፋይ ጎብኚዎች ተከፈተ። ከጥገናው ወጪ አብዛኛው የተሸፈነው በዚህ ዓይነት በተገኘ ገቢ ነው። የሚከፈለው ኪራይ ተመልሶ ቤቱን የሚጠግን ከሆነ፣ ተከራዩም ቤቱን ካቆሙት ሰዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ቃጠሎ መነሻ ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ ለእኛ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። መጋረጃ የነካ አንድ የመብራት አምፑል ነበር። በእኛም አገር ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ተጎድቶ፣ የሙዚቃ ምሽት ይደረግበት የነበረው ጃዝአምባ አዳራሽም አብሮ ወድሟል። እንጨቱ የደረቀና ወለሉ ሳንቃ የሆነ ቤት እሳት ከያዘው ለመዳን ጊዜ አይሰጥም። ታዲያ በሠርጋችን ዕለት ሻማ፣ የብልጭታ ርችት፣ ትልልቅ የቪዲዮ መብራት፣ የቡና ከሰልና የሙዚቃ ጓዝ ይዘን ወደዚህ ዓይነቱ ቤት ስንገባ ምን እየሠራን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል።

ስለዚህ አቅሙ ኖሯችሁ ጥንታዊ አዳራሽ ለመከራየት የቆረጣችሁ አንባቢያን፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንድታስቡ እመክራለሁ።

አንደኛ፤ የሚያከራያችሁ ሰው ወይም ድርጅት ቤቱን ለማከራየት ሥልጣን ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም በባንክ ይሁንና ደረሰኝ ተቀበሉ። በውሉ ላይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደ ተከራያችሁ፣ ሰዓት ቢያልፍ ምን እንደምትከፍሉ፣ ኀዘን ወይም ሕመም ቢያጋጥምና ቀኑ ቢለወጥ ቀብዱ እንደሚመለስ ወይም እንደማይመለስ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ የኪራዩ ዋጋ ምን ምን እንደሚጨምር ጠይቁ። ወንበርና ጠረጴዛው፣ ውሃው፣ ጀኔሬተሩ፣ ጥበቃውና ጽዳቱ ለብቻ የሚከፈልባቸው ከሆነ ርካሽ የመሰለው አዳራሽ ውድ ይሆናል። የራሳችሁን ወጥ ቤት ሠራተኞች ማስገባት ትችሉ እንደ ሆነም አስቀድማችሁ እወቁ፤ አንዳንዱ አከራይ ምግቡንና መጠጡን ከእርሱ ካልገዛችሁ አይልም።

ሦስተኛ፤ ቤቱን በዓይናችሁ እዩት፤ የምታዩትም በፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ሳይሆን በእናት ዓይን ይሁን። ደረጃው ለአሮጊት ይመቻል? መጸዳጃው ስንት ነው፤ ለስንት መቶ እንግዳስ ይበቃል? መውጫው በር አንድ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለው? ሕፃን የያዘች ሴት የምታጠባበት ጥግ ይገኛል? የድሮ ሰገነትስ ስንት ሰው ይችላል?

አራተኛ፤ ቤቱን ተጠንቀቁለት። ዲኮር ሠሪው ሚስማር እንዳይመታ፣ ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ ማጣበቂያ እንዳይለጥፍ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከሰል የሚያያዘው፣ ወጡም የሚሞቀው ከቤቱ ውጭ ይሁን። መብራት ከመጋረጃ ይራቅ። ያረጀው የመብራት መስመር የሙዚቃውን ጓዝ መሸከም አለመሸከሙን ባለሙያ ይይ። በአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን በአግባቡ መያዝ የባለይዞታው ግዴታ ነው፤ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድም ጥገና ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ በእናንተ ድግስ የተሰበረ የተቀረጸ በር በማግስቱ አናጢ ጠርታችሁ የምትመልሱት ዕቃ አይደለም።

አምስተኛና ዋነኛው፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ተጠያየቁ። በእጅ ካለ ትርፍ ከሆነ መልካም ነው። ከብድር ወይም ለሌላ ነገር ከተጠራቀመ ገንዘብ ከሆነ ግን አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይኸንኑ ነው። አዳራሹ በ6 ሰዓት ውስጥ ይለቀቃል፤ ዕዳው ግን ከሙሽሮቹ ጋር ጫጉላ ቤት ይገባል።

አሁን ወደ አሰላዋ እናት ልመልሳችሁ። ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ ወረቀትና እርሳስ አምጥተን የእንግዳውን ስም ጻፍን። አዳራሹ የሚይዘው 250 ሰው ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ የሙሽራው ወገንና ባልደረቦች ናቸው። የቀረውን ለልጅቷ የሥራ ጓደኞችና ለቅርብ ዘመድ ስናካፍለው፣ ከአሰላ መሄድ የሚችለው አንድ አውቶቡስ የማይሞላ ሰው ብቻ ሆነ። ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚ ወንበሩን የሚያቀርበው እድር፣ ለ3 ቀን እንጀራ ለመጋገር ቃል የገቡት ጎረቤቶች፣ ከገጠር ጩኮ አዘጋጅተው የሚመጡት አክስቶች ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ቀሩ። ልጅቷ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሲንቄውን የሚይዙትስ?» አለች።

ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ነው። ጌጥ ብቻ አይደለም። ያገባች ሴት መብቷና ክብሯ ሲነካ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩም ክሶ ሳይታረቅ አይመለሱም። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዲት ሴት ሲንቄዋን ይዛ በመካከላቸው ብትቆም ጠቡ መቆም አለበት። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው የገዳ ሥርዓት ለሴቶች ያቆየው መከታ ይኸው ነው። እንግዲህ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ እጅ ሲንቄ ስትቀበል በዙሪያዋ የሚቆሙት ሴቶች ነገ ብትበደል ጮኸው የሚደርሱላት ናቸው። እነዚህን ምስክሮች አስቀርቶ በድንጋይ ግንብ ፊት ፎቶግራፍ መነሣት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ልጅቷ ራሷ ማሰብ ጀመረች።

በዚህ መካከል ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ሲያዳምጡ የነበሩት አያት «እኔስ ልጠየቅ እንጂ» አሉ። ሁላችንም ዞርን። «ያን ቤት ማየት እፈልጋለሁ። ጠጅ የሚጣልበትን፣ እንጀራ የሚጋገርበትን ማየት እፈልጋለሁ። ለማየት ግን ልጄ ቤቷን መሸጥ አለባት?» አሉ። ልጅቷ ሳቀችና ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ።

በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው። ሠርጉ አሰላ፣ እናትየው ግቢና ጎረቤት በሚተከለው ድንኳን ይሆናል። ሲንቄው እዚያው ይሰጣል። የሙሽራው ወገን ከአዲስ አበባ በአንድ አውቶቡስ ይመጣል። ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ሙሽሮቹ እናትንና አያትን ይዘው አዲስ አበባ ይሄዱና የነገሥታቱን ግቢ በመግቢያ ቲኬት ያስጎበኟቸዋል፤ ፎቶግራፉንም እዚያው፣ በግቢው ደንብ በሚፈቀድበት ቦታ ይነሣሉ። የሁለቱ ክፍል ቤት መሠረትም ከክረምቱ በፊት ይወጣል። ልጅቷ ሙሉ በሙሉ ደስ ብሏታል ብላችሁ አታስቡ። «ከገባሁ አይቀር በቬሎ ነበር» ማለቷን አልተወችም። እናትየው ግን «ቬሎውንማ ይዘሽው ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ?» አሏት። ነገሩ በዚሁ በሳቅ ተዘጋ።

ውድ እናቶችና እህቶች፤ ይህ ፍርድ ለሁላችንም ይሁን ማለቴ አይደለም። ዘመዱ ሁሉ አዲስ አበባ ያለ፣ ገንዘቡም የማይቸግረው ቤተሰብ የጥንት አዳራሽ ቢከራይና ቤቱን ተንከባክቦ ቢመልስ ለቅርሱም ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። የአያቶቻችንን ድካም አስታውሰን በዚያ በር መግባት መፈለጋችንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ነገር ግን ከመፈረማችን በፊት አንድ ወረቀት እናውጣና በሠርጋችን ላይ እንዲገኙልን የምንፈልጋቸውን ሰዎች ስም እንጻፍ። አዳራሹ እነርሱን ካላስገባ ድሮ ሰውን በማዕረግ ይለይ የነበረውን መጋረጃ ዛሬ በራሳችን ገንዘብ መልሰን ሰቀልነው ማለት ነው። ለአያቶቻችን ሳይከፈት የቀረውን በር ልጆቻችን እንዲገቡበት የምንመኝ ከሆነ፣ አያቶቻችንንም ይዘን እንግባ።